ታማኙ ከሓዲ

ታናሽ እህቴ አንድ ቅዳሜ ቤቴ መጣችና፣ «ያ ዘወትር ሰው የምትጣላለት የጃፓኖች ተከታታይ ስንት ሰዓት ይፈጃል?» ስትል ጠየቀችኝ። ዐሥራ ሁለት ክፍል መሆኑን ነገርኋት። ፊቷ ቅጭም አለ። «ፊልም የለውም እንዴ?» አለች። አለው። እኔም ሰነፍሁ፤ ወይም ከቤተሰቤ አንድ ሰው በስተመጨረሻ እሺ ስላለኝ ደስታው አቸኰለኝ፤ ብቻ ሁለቱን ፊልሞች አከታትዬ ከፈትሁላት። ከምሳ በኋላ ተቀመጠች፤ ፀሐይ ሳትጠልቅ ጨረሰች። ማን እንደ ሞተ፣ ስለ ምን እንደ ሞተ፣ ማን ማንን እንዳታለለ ብጠይቃት ሁሉንም አንድ በአንድ መለሰችልኝ። ከዚያ «ደስ ይላል» ብላ ጀበናውን ልትጥድ ተነሣች።

ደስ ይላል! እኔ ያንን ታሪክ በጨረስሁበት ሌሊት እንቅልፍ በዐይኔ አልዞረም። እርሷ ያየችው እኔ ካየሁት በድርጊት አይለይም፤ የሚሞቱት እነዚያው ናቸው፣ የሚናገሩትም ያንኑ ነው። ሆኖም አንድ ታሪክ አላየንም። ጥፋቱ የእህቴ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ከፊሉ የእኔ ነው፤ የቀረው የፊልሞቹ ነው። የራሴን ተናዝዣለሁ፤ ወደ ፊልሞቹ ልሂድ። (ፍጻሜውን ሳልገልጥ መሟገት አይቻለኝምና፣ ታሪኩን ገና ለማየት ያሰባችሁ እዚህ ላይ ብትለዩኝ አልቀየማችሁም።)

«ማሆ ሾጆ ማዶካ ማጊካ» በጃፓን ቴሌቪዥን መታየት የጀመረው በ2011 መጀመሪያ ነው፤ ዘመኑን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር እጽፋለሁ። ስቱዲዮው ሻፍት፣ ዳይሬክተሩ አኪዩኪ ሺንቦ፣ ደራሲው ጌን ኡሮቡቺ ናቸው። ጃፓኖች ከ1966ቱ «ጠንቋይዋ ሳሊ» ጀምሮ ያሳደጉት የተረት ዘር አላቸው፤ የአስማት ልጃገረድ ይሉታል። አንዲት ተራ ተማሪ ኃይል ይሰጣታል፣ ልብሷ በብርሃን ይለወጣል፣ ክፉውን ድል ነሥታ ለእራት ቤቷ ትደርሳለች። ኡሮቡቺ ይህንኑ ዘር ወስዶ፣ ለመሆኑ ዋጋው ስንት ነው ብሎ ጠየቀ። ክዩቤ የተባለ ድመት መሳይ ነጭ ፍጡር ወደ ዐሥራ አራት ዓመቷ ማዶካና ወደ ጓደኞቿ መጥቶ ውል ያቀርባል፦ አንድ ምኞት፣ የፈለጋችሁትን፤ በምላሹ ጠንቋዮችን ትዋጋላችሁ። ፈራሚዋ የማታውቀው፣ ነፍሷ ከሥጋዋ ወጥታ በአንዲት ዕንቁ ውስጥ መታሰሯን፣ ዕንቁውም በተስፋ መቍረጥ ሲጠቍር እርሷው ራሷ ጠንቋይ እንደምትሆን ነው። የሚያሳድዷቸው ጠንቋዮች የትናንት ልጃገረዶች ናቸው። ክዩቤ ከዚያ ተስፋ ከሚሰበርበት ቅጽበት የሚፈልቀውን ጉልበት እየሰበሰበ የጽንፈ ዓለሙን መክሰም ያዘገይበታል። ዋሽተሃል ብትሉት ደግሞ አልዋሸም፤ «አልጠየቃችሁኝም» ነው መልሱ። በሥነ ጽሑፍ ያየኋቸው ሰይጣኖች ጥቂት አይደሉም፤ እንደዚህኛው ጨዋና ቂም የሌለው ግን አልገጠመኝም።

የዚህ ታሪክ ትልቁ መሣሪያ ድንጋጤ ነው የሚሉ አሉ። እኔ ጊዜ ነው እላለሁ።

ሦስተኛውን ክፍል ውሰዱ። ማሚ ቶሞዬ ለልጆቹ ታላቅ እህትም መምህርም ናት፤ ብቸኝነቷን ሸሽጋ የምትኖር። በዚያ ክፍል ማዶካ «ከጎንሽ እቆማለሁ» ስትላት ማሚ እንባዋ ይመጣል፤ ልቧ ቀልሎላት ወደ ውጊያው ትገባለች፤ በዚያው ደስታዋ መካከል ጠንቋይቱ አንገቷን ትቀጥፋለች። ክፍሉ አለቀ። ተመልካቹ ሰባት ቀን ይቀመጣል። ወደ ሥራው ይሄዳል፣ ይበላል፣ ይተኛል፤ ማሚ ግን ሙት ናት። በሳምንቱ ማዶካ ቁርስ ቀርባ እንቁላሉ ስለ ጣፈጣት፣ በሕይወት ስላለች ስታለቅስ፣ ያ እንባ ሳምንቱን ሙሉ እኛም ዘንድ ሲጠራቀም የሰነበተ ነው። በፊልሙ ከሞቱ እስከ ልቅሶው ያለው መንገድ የደቂቃዎች ነው። ለእህቴ የደረሳት ኀዘኑ ሳይሆን መርዶው ብቻ ነበር።

የመክፈቻውን ዘፈን ደግሞ አስቡት። ክላሪስ የተባሉት ድምፃውያን የሚዘፍኑት «ኮኔክት» በየሳምንቱ ከታሪኩ ፊት ይመጣል። ብሩህ፣ ቀላል፣ ማሩ ጥቂት የበዛበት ዘፈን ነው፤ ሥዕሉም ማዶካን በአስማት ልብሷ ያሳያል። እኔማ ከአራተኛው ክፍል በኋላ እየዘለልሁት ነበር። ዐሥረኛው ክፍል ያለ እርሱ ይጀምራል። በዚያ ክፍል ያቺ ቀዝቃዛዋ፣ ማዶካ ውል እንዳትገባ ስትከለክል የቈየችው ሆሙራ አኬሚ ማን እንደ ሆነች እናውቃለን። መነጽር ያደረገች፣ ጸጕሯን የተጐነጐነች፣ ከሆስፒታል ገና የወጣች ዓይናፋር ልጅ ነበረች። ማዶካ ብቸኛ ጓደኛዋ ነበረች፤ ሞተችባት። የተገናኘንበትን ቀን ደግሜ ልኑር፣ አሁን ግን ጠባቂዋ እኔ ልሁን ብላ ተመኘች። ያንን አንድ ወር እየደጋገመች ትኖረዋለች፤ በየዙሩ ማዶካ ትጠፋባታለች፤ በየዙሩም ማዶካ አታውቃትም። ዘፈኑ የመጣው በዚያ ክፍል መጨረሻ ነው። የማዶካ መስሎን የዘለልነው የሆሙራ መሐላ ኖሯል! ይህ ብልሃት የሚሠራው ዘፈኑ ለሰለቸው ሰው ብቻ ነው። ያንኑ ዘፈን በፊልም ውስጥ በፈለጋችሁት ቦታ አስገቡት፤ አንድ ከሰዓት ብቻ ለተቀመጠ ሰው መሰልቸቱን ከየት ታመጡለታላችሁ?

ማንም ያላቀደው ጊዜም አለ። ማርች 11 ቀን 2011 ጃፓንን ያ ታላቅ የመሬት መንቀጥቀጥና የባሕር ማዕበል መታት፤ ሁለቱ የመጨረሻ ክፍሎች ወደ ኤፕሪል መጨረሻ ተላለፉ። ዐሥራ አንደኛው ክፍል ከተማ የሚያፈርስ ዐውሎ ነፋስ ሲመጣ፣ ቤተሰቦች በመጠለያ አዳራሽ ተኰልኵለው ሌሊቱን ሲጠብቁ ያሳያል። ጃፓናውያን ያንን ያዩት ወገኖቻቸው ከእውነተኛው መጠለያ ገና ሳይወጡ ነው። ይህን መልሰህ አምጣ ብዬ ማንንም ፊልም አልከስስም።

መጠበቅ የታሪኩ አካል መሆኑን ለአማርኛ አንባቢ ማስረዳት የሚያሻ አይመስለኝም። «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ በሬዲዮ የተከታተሉትን ጠይቋቸው። መጽሐፉ መደርደሪያቸው ላይ እያለ እንኳ ቀጣዩን ሳምንት የሚጠብቁ ነበሩ።

በኦክቶበር 2012 በሳምንት ልዩነት ሁለቱ ፊልሞች ወጡ። የመጀመሪያው ስምንቱን ክፍሎች በ130 ደቂቃ፣ ሁለተኛው የቀሩትን አራቱን ከሁለት ሰዓት ባነሰ ጊዜ ይተርካሉ። ሐሰት ለመናገር አልፈልግም፤ ለዐይን ድግስ ናቸው። ጌኪዳን ኢኑ ካሪ የተባሉት ሠዓልያን ከቍርጥራጭ ወረቀትና ከጨርቅ የሠሩት የሚመስለው የጠንቋዮቹ ቤተ ውቅር በትልቅ ሸራ ላይ ሲዘረጋ አፍ ያስከፍታል። የዩኪ ካጂዩራም ሙዚቃ ለሲኒማ አዳራሽ የተፈጠረ ነው። የተቈረጠውም ያን ያህል አይደለም። ክሴም ብዙ ተቈርጧል የሚል አይደለም፤ እንዲያውም ጥቂት ቢቈርጡ ነው የሚቈጨኝ። ጊዜውን ከታሪኩ ካወጣችሁ በኋላ በቦታው ሌላ ነገር ማኖር ነበረባችሁ። የሰባት ቀኑ ዝምታ ተነሥቶ ምን ተተካ? ምንም። ቀዳዳው እንዳለ ተሰፋ።

ምን ያድርጉ ትሉኝ ይሆናል። እኔ ብሆን ከዐሥረኛው ክፍል እጀምር ነበር። ከሆስፒታል አልጋ፣ ከመነጽሩ፣ ከጉንጕኑ። ተመልካቹን ከሆሙራ ጋር አስሬ፣ ያንን አንድ ወር አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ፣ አራቴ እያመላለስሁ፣ በየዙሩ ጥቂት እየቀነስሁ፣ የማሚ ሞት በአራተኛው ዙር ለሆሙራ የተለመደ ነገር እስኪሆን፣ እኛም በመለመዳችን እስክናፍር ድረስ። በአንድ መቀመጫ የሚታይ ድርሰት ሳምንታትን መስጠት አይችልም፤ ድካምን ግን መስጠት ይችላል። የሆሙራ ታሪክ ከድካም ሌላ ምንድን ነው? ይህንን ያልሁት ከጌን ኡሮቡቺ በልጬ አይደለም። አንድ ተራ ተመልካች በአውቶቡስ ወንበር ላይ ሊያስበው የሚችለውን መንገድ፣ ያን ሁሉ ችሎታ የያዙ ሰዎች ሳይሞክሩት ማለፋቸው ስለሚያናድደኝ ነው።

«ለአዲስ ተመልካች ነው፤ ተከታታዩን ለማየት ጊዜ ለሌለው» ይላሉ ጠበቆቻቸው። ጊዜ የሌለው ሰው ጊዜ ስለሚፈልግ ነገር የተሠራ ድርሰት ምን ያደርግለታል? እህቴን እዩአት።

ፊልም ታሪክን ዳግመኛ ሊተርክ አይችልም ማለቴ ግን አይደለም። ከዚሁ ዘር ምሳሌ አለ። በ1997 ኩኒሂኮ ኢኩሃራ «አብዮተኛዋ ልጃገረድ ኡቴና» የተባለውን ሠላሳ ዘጠኝ ክፍል ያለው ተከታታይ ሠራ። ልዑል መሆን የምትሻ ልጃገረድ፣ እርሷ ልታድናት የምትዋጋላት አንቲ የተባለች ሌላ ልጃገረድ፣ ማንም የማይወጣበት ትምህርት ቤት። በተከታታዩ ፍጻሜ ኡቴና ትጠፋለች፤ አንቲ ሻንጣዋን ይዛ ልትፈልጋት ብቻዋን ትወጣለች። በ1999 ኢኩሃራ ያንኑ ታሪክ ፊልም አደረገው። ሠላሳ ዘጠኙን ክፍሎች ሊያሳጥር አልሞከረም። ትምህርት ቤቱን አፍርሶ በአየር ላይ የሚንሳፈፍ ግንብ አደረገው፤ ገጸ ባሕርያቱን እንደገና ፈጠራቸው፤ በመጨረሻም ኡቴናን (ሳቁብኝ) መኪና አደረጋትና አንቲ መሪውን ጨብጣ አብረው ከዚያ ዓለም ይወጣሉ። ብዙ ሰው ግራ ገባው። እኔም መጀመሪያ ባየሁት ጊዜ ቴሌቪዥኑን አጥፍቼ ተነሥቻለሁ። ቈይቶ ነው የገባኝ፤ ተከታታዩ «ትወጣ ይሆን?» ብሎ ያቆመበትን ጥያቄ ፊልሙ ይዞ ሄዷል። አንዲት ትዕይንት እንኳ እንዳለች አልወሰደም፤ ነገሩን ግን አልካደም።

ማዶካ ራሷ ከምን ተወለደች? ከፋውስት ነው። በጠንቋዮቹ ግድግዳ ላይ በፈጠራ ፊደል የተጻፉት ቃላት ከፊሎቹ የጎተ ናቸው፤ ትልቋ ጠንቋይ ዋልፑርጊስናኽት ስሟን ያገኘችው ጎተ ጠንቋዮቹን ከሰበሰበባት ሌሊት ነው። ጎተስ ምን አደረገ? በ1587 ፍራንክፈርት የታተመው የሕዝብ መጽሐፍ ነፍሱን የሸጠውን ዶክተር ወደ ጥፋት ይሰደዋል፤ እንግሊዛዊው ማርሎውም እንዲሁ። ጎተ ዕድሜውን ሙሉ ታግሎ፣ ከሞተ በኋላ በ1832 በወጣው ሁለተኛ ክፍል ፋውስትን አዳነው። የታሪኩን ፍርድ ገለበጠው። ታማኝነት ፍጻሜውን አለመንካት ከሆነ ጎተ የከሓዲዎች አለቃ ነው፤ ማዶካም ባልተወለደች ነበር።

አሁን ወደ ዋናው ጠብ ደረስን። በኦክቶበር 2013 ሦስተኛው ፊልም ወጣ፤ «የአመፅ ታሪክ» ይባላል። አዲስ ታሪክ ነው፤ ያንኑ ታሪክ ግን ይከራከራል። ተከታታዩ ያለቀው እንዲህ ነበር፦ ማዶካ በመጨረሻ ውል ገባች። ጠንቋዮች ሁሉ፣ ያለፉትም የሚመጡትም፣ ሳይወለዱ በእጄ ላጥፋቸው ብላ ተመኘች። ልጃገረዶች በተስፋ መቍረጥ ሊወድቁ ሲሉ ደርሳ የምትወስዳቸው ሕግ ሆነች። ሰው መሆኗ ቀረ። እናቷ ረሳቻት፤ ጓደኞቿ ረሷት፤ ሆሙራ ብቻ ታስታውሳታለች። ሁላችንም አለቀስን። ከለቀስንም በኋላ፣ ልንክደው አይገባም፣ ቀለለን። እንዴት ያለ ውብ መሥዋዕት! ብለን ወደ አልጋችን ሄድን።

ሦስተኛው ፊልም በጨዋታ ይጀምራል። አምስቱም ልጃገረዶች አሉ፤ ማሚም በሕይወት አለች፤ ከተማዋ ታበራለች፤ ስለ ኬክ ይዘፍናሉ። ሆሙራ ብቻ አንድ ነገር ይከብዳታል። ፈልጋ ፈልጋ የምታገኘው ይህ ከተማ የጠንቋይ ሕልም መሆኑን፣ ጠንቋይቱም ራሷ መሆኗን ነው። ከዚያ በፊት ግን በአበባ መስክ ውስጥ ከማዶካ ጋር ተቀምጣለች። ማዶካ የሆነችውን ሁሉ ረስታለች፤ ዳግመኛ ተራ ልጅ ናት። ሆሙራ ሁላችንንም ጥለሽ የሄድሽ መስሎኝ ሕልም አየሁ ትላታለች። ማዶካም፣ ከሁላችሁ መለየት እኔም የማልችለው ነገር ነው፣ እንዲህ ያለውን ነገር ብቻዬን መሸከም አልችልም የሚል ነገር ትመልሳለች። የፊልሙ ልብ ይህች ደቂቃ ናት። ሆሙራ ፊቷ ይለወጣል። እኛ ያጨበጨብንለት መሥዋዕት ልጅቱ ያልቻለችው ነገር ኖሯል። የዐሥራ አራት ዓመት ልጅ የዓለሙን ሁሉ ተስፋ መቍረጥ ስትሸከም «ደግ አደረግሽ» ያልናት እኛ ነን። ክዩቤ ልጃገረዶችን ለጽንፈ ዓለሙ ጥቅም ያቃጥል ነበር፤ እኛም ለፍጻሜው ውበት ስንል አንዲቱን አሳልፈን ሰጠን። በዋጋው ላይ እንጂ በውሉ ላይ አልተጣላንም።

ስለዚህ ማዶካ በአምላክነቷ ሆሙራን ልትወስድ እጇን ስትዘረጋ፣ ሆሙራ እጇን አፈፍ አድርጋ ይዛ ከፈለቻት፤ ሰው የነበረውን ክፍል ከሕጉ ገንጥላ ወደ ምድር አወረደችው። ቤተሰቧን መለሰችላት። በምላሹ ራሷ ዲያብሎስ ሆነች፤ ስሙን የሰጠችውም ራሷ ናት። ማዶካን ስለ ፈቃዷ አልጠየቀቻትም።

በዚህ ፊልም ላይ የወረደው ቍጣ እስከ ዛሬ አልበረደም። ታሪኩ ተፈጽሞ ነበር፣ ለገንዘብ ሲባል ተከፈተ ይላሉ። ገንዘቡስ መጥቷል፤ በጃፓን ብቻ ከ2 ቢሊዮን የን በላይ አስገብቷል። እነዚያ ሁለቱ ፊልሞችስ ለጽድቅ ተሠሩ? ስለ ገንዘብ ከሆነ ክሱ ከሁለቱ ይጀምር። ሌሎች ሆሙራ ተበላሸች ይላሉ፤ ማዶካን የምታከብር ልጅ ፈቃዷን አትረግጥም ይላሉ። ይህ ከበድ ያለ ነገር ነው፤ በቀልድ አላልፈውም። ሆሙራ በደለች። እኔ ትክክል ናት አላልሁም። ነገር ግን ያቺ አንድ ወር እየደጋገመች የኖረች፣ ያየችውን ለማንም መናገር ያልቻለች፣ ጓደኛዋን በገዛ እጇ እስከ መግደል የደረሰች ልጅ፣ በመጨረሻው «ዓለሙ ድኗል፣ አንቺ ግን ብቻሽን አስታውሽ» ሲባል አመስግና ትቀመጣለች ብሎ የጠበቀ ሰው ዐሥረኛውን ክፍል አላየውም። ተከታታዩ ጽድቅን ለማዶካ ሰጥቶ ሒሳቡን ለሆሙራ ተወው። ፊልሙ ሒሳቡን አወጣ።

ሁለቱ የ2012 ፊልሞች እያንዳንዷን ቃል ጠብቀው ነገሩን ጣሉ፤ ሦስተኛው ፍጻሜውን አፍርሶ ነገሩን ጠበቀ። ልጅ ተረት ሲደገምለት አንድ ቃል ቢቀየር ይቈጣል፤ መብቱ ነው፣ ልጅ ነው። እኛ ግን ሥነ ጽሑፍ እናፈቅራለን የምንል ሰዎች «ዋናውን ጠብቆታል» የሚለውን ቃል እንደ ምስጋና ስንጠቀምበት ያሳዝነኛል። ጠብቆታል! የግምጃ ቤት ሠራተኛም ይጠብቃል።

እህቴን ከዚያ ቅዳሜ ሁለት ሳምንት በኋላ ሦስተኛውን ፊልም አሳየኋት። በዚህኛው ቀን «ደስ ይላል» አላለችም። ጀበናው ገንፍሎ ምድጃውን እስኪያጠፋው ድረስ ቆማ ጮኸችብኝ። ሆሙራ ባለጌ ናት አለች፤ ራስ ወዳድ ናት አለች፤ «ልጅቱን ማን ጠየቃት?» አለች። እኔም ሁለተኛው ፊልም መጨረሻ ላይስ ማን ጠይቋት ነበር አልኋት። ዝም አለች። ከዚያ እንደገና ጀመረች። እራት ሳንበላ ተለያየን።

ትናንት ማታ ደወለች። ገና እንደ ተቈጣች ነው። ያ ዐሥረኛው ክፍል ብቻውን ይታይ እንደ ሆነ ጠየቀችኝ። አይታይም፣ ከአንደኛው ጀምሪ፣ በሳምንት አንድ ብቻ አልኋት። ሦስት ወር ሊሆን ነው እኮ ብላ አጕረመረመች። የመክፈቻው ዘፈን ከሰለቸሽ ዝለዪው አልኋት።